ከየትኛው ጆንያ ነው የዘገናችሁት?

«አስተያየታቸውን የሰጡን ነዋሪዎች መደሰታቸውን ገለጹ።» ይህቺን ዓረፍተ ነገር ሰምቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ! መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የቴሌቪዥኑ ጣቢያ ስሙን ይለውጣል፣ አርማውን ይለውጣል፤ እሷ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። ሦስት ሰው ይቀርባል። አንድ አዛውንት፣ አንዲት እናት፣ አንድ ወጣት። ሦስቱም ደስ ብሏቸዋል። ወዲያው «ሕዝቡ ደስ አለው» ተብሎ ዜናው ያልቃል።

እኔ ሦስቱ ሰዎች ዋሹ አልልም። ከልባቸው ተደስተው ይሆናል፣ ምን አውቃለሁ! የእኔ ጥያቄ ማን መረጣቸው ነው።

እህል በረንዳ ጤፍ ሊገዛ የወረደ ሰው ይህን ነገር ከማንም ፕሮፌሰር ባልተናነሰ ያውቀዋል። ነጋዴው የጆንያውን አፍ ፈትቶ ከላይ ያሳይሃል፤ ማኛ! ነጭ በነጭ! ብልጥ ገዢ ግን እጁን እስከ ክርኑ ሰድዶ ከሥር ይዘግናል። ከሥር ሰርገኛ ሊወጣ ይችላላ! ጆንያው አሥር ከሆነ ደግሞ የትኛው ይፈታ የሚለውን ለነጋዴው አይተውለትም። አንድ ጭብጥ ጤፍ ስለ አሥር ኩንታል ሊመሰክር የሚችለው ሻጩም ገዢውም ሳይመርጠው በዕጣ የወጣ እንደሆነ ብቻ ነው። ስታቲስቲክስ የሚሉት ትምህርት የዕጣ ናሙና የሚለው ይኸንኑ ነው። እያንዳንዱ ሰው የመመረጥ ዕድል ይኑረው፣ ዕድሉም ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። እኔም፣ አንተም፣ ካሜራ ሲያይ መንገድ የሚሻገረውም።

«ታዲያ ብዙ ሰው ከተጠየቀስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ብዛት ብቻውን የትም አያደርስም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1936 «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ሰው የምርጫ ጥያቄ በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ጎረፈለት። ላንደን ሩዝቬልትን ይዘርረዋል ብሎ ተነበየ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠቅልሎ ወሰደ! ነገሩ ወዲህ ነው፤ መጽሔቱ አድራሻ የለቀመው ከስልክ ማውጫና ከመኪና መዝገብ ነበር። በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን ነው? በዚያ ላይ ከአራት ሰው ሦስቱ መልስ አልላከም። የዝምተኞቹን ልብ ማን አየው? ከሁለት ዓመት በኋላ መጽሔቱም ራሱ ታሪክ ሆነ።

በዚያው ምርጫ ጋሉፕ የተባለው ሰው እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን አውቆ ነበር። እሱም ቢሆን አልቀረለትም። ወንድ ይህን ያህል፣ ሴት ይህን ያህል፣ ድሃ ይህን ያህል ብሎ ኮታ ከሰጠ በኋላ ሰውየውን የመምረጡን ነገር ለጠያቂዎቹ ይተወው ነበር። በ1948 ድዌይ ያሸንፋል አለ፤ ትሩማን አሸነፈ።

በአግባቡ በዕጣ የወጣ 1000 ሰው ግን ጉድ ይሠራል። መልሱ ከእውነቱ ከ3 በመቶ ብዙም አይርቅም፤ ከ100 ጊዜ 95ቱን። አገሩ 5 ሚሊዮን ሕዝብ ይኑረው 100 ሚሊዮን ለውጥ የለውም። ይህን ስናገር የማያምኑኝ ወዳጆች አሉኝ። ለደም ምርመራ ግን ጠብታ ይበቃል ሲባሉ አይከራከሩም!

ይህ ለመንግሥት ብቻ የሚነገር አይደለም። ተቃዋሚ ነኝ የሚለውም ቢሆን በቴሌግራም ደጋፊዎቹን ድምፅ አሰጥቶ «ሕዝቡ ፈረደ» ሲል እየሰማን ነው። የራሱን ጆንያ ከላይ ነው የዘገነው።

አዲስ አበቤ የዕጣን ነገር በመጽሐፍ ሳይሆን በሆዱ ተምሮታል። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ከ25 ሺህ ለሚበልጡ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጣ። ከ1997 ጀምሮ ተመዝግቦ፣ ከልጆቹ አፍ ቀንሶ እየቆጠበ የጠበቀ ሰው ነበረበት። እልል ተባለ። ቀናት ሳይቆጠሩ ዕጣው ተሰረዘ! ብቁ ያልሆኑ ሰዎች በመረጃው ውስጥ ገብተው ተገኙ ያለው ራሱ የከተማው አስተዳደር ነው። በ2015 ኅዳር እንደገና ወጣ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ኮምፒዩተሩ ቁጥሩን የቱንም ያህል ቢያማታ፣ ወደ ዕጣው የገባው መዝገብ ከተበላሸ የሚወጣው የተበላሸ ነው።

ታዲያ የአገሪቱ ትልቁ መዝገብ የታለ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ሕዝብ በየአሥር ዓመቱ ይቆጠራል ይላል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። በ2010 ሊደረግ የነበረው ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ፤ በ2011 ሰኔ ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው እንደገና አራዘሙት። የጸጥታውን ችግር አልክድም፤ መንደሩ በሸሸበት አገር ቆጣሪ ምን ይቆጥራል? ግን ዋጋውን ማን ነገረን?

ዋጋው ይኸውላችሁ። በ2008 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስንት ሕፃን እንደሚሞት፣ ስንት እናት በሐኪም ቤት እንደምትወልድ የነገረን ነው። 645 የቆጠራ ቦታዎች በዕጣ ወጡለት፤ 16,650 ቤተሰብ ቃሉን ሰጠ። የሚያስከብር ሥራ ነው። ዕጣው የወጣው ግን ለ1999ኙ ቆጠራ ከተሸነሸኑት 84,915 ቦታዎች ነበር። እርግጥ ነው፣ ባለሙያዎቹ በደረሳቸው ቦታ ቤቱን ሁሉ እንደ አዲስ መዝግበው ነው ቤተሰብ የሚመርጡት። ለየቦታው የተሰጠው የመመረጥ ዕድል ግን የድሮውን የሕዝብ ብዛት የተከተለ ነው። በ1999 ቦሌ አራብሳ እርሻ ነበር። ዛሬ እዚያ በየፎቁ የሚኖረው ሕዝብ በዚያ መዝገብ ላይ ገበሬና በሬ ሆኖ ተቀምጧል።

ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ፣ ለክትባት በጀት ሲደለደል በየትኛው ቁጥር እንደሚደለደል የምክር ቤት አባላቶቻችን አንድ ቀን እጃቸውን አውጥተው ቢጠይቁ ደስ ይለኝ ነበር። እጅ ማውጣቱን እንደሆነ ያውቁበታል።