የወረቀት በር

ባለፈው ጊፋታ ሰሞን ሶዶ ውስጥ ካሉት ማተሚያ ቤቶች አንዱ ደወለልኝ። ሙያዬ ሶፍትዌር ነው፤ ግን እኛ ከተማ ኮምፒውተር የነካ ሁሉ ዲዛይነር ነው። ሥራው የአንድ ባለሥልጣንን ፎቶ ለአደባባይ ባነር ማዘጋጀት ነበር፦ ፊቱን ማፍካት፣ ከጀርባው የዳሞታ ተራራን ማስገባት፣ መንገድ ዳር አቮካዶ የምትሸጠውን ሴትዮ ማጥፋት። አጠፋኋት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ነገሩ ሲከነክነኝ ለጓደኛዬ ነገርኩት። «ምን ታካብዳለህ? ላስቲክ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ይቀደዳል» አለኝ። የምጣላው ከዚህች «ላስቲክ ነው» ከምትል ክርክር ጋር ነው።

የሀብስበርጉ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ማክሲሚሊያን እንደ ሮማ ቄሣሮች የድል በር አማረው። ለድንጋይ የሚሆን ገንዘብ ግን አልነበረውም፤ እ.ኤ.አ. በ1518 ኢንስብሩክ ሲደርስ፣ የቆየ ዕዳው ስላልተከፈለ ባለ ማደሪያ ቤቶቹ ሰዎቹንና ፈረሶቹን አናሳድርም ብለውታል። ስለዚህ በሩን በወረቀት አሠራው። አልብሬክት ዱረርና ባልደረቦቹ ነደፉ፤ ቀራጮች ከ190 በላይ የእንጨት ሰሌዳዎች ላይ ፈለፈሉት። በ36 ትልልቅ ወረቀቶች ታትሞ ሲገጣጠም ቁመቱ ሦስት ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ ሦስት ሜትር ግድም ይሆናል። (ስልካችሁ ላይ ካርታ በቁራጭ በቁራጭ እንደሚጫነው ማለት ነው።) ጦርነቶቹ አሉ፣ ጋብቻዎቹ አሉ፣ የዘር ሐረጉ እስከ ትሮይ ይወርዳል። ዕዳው የለም። በመጀመሪያው ኅትመት ብቻ ወደ 700 ቅጂ ወጣ። የድንጋይ በር አንድ ከተማ ላይ ተገትሮ ይቀራል፤ ይሄኛው ተጠቅልሎ የፈለጉት መስፍን ግድግዳ ድረስ ይሄዳል። ርካሽነቱ ጉልበቱ ነበር።

«አርቲስቱ ምን ያድርግ፣ ታዘዘ» የሚሉም አሉ። ዱረር ከንጉሡ በዓመት 100 ፍሎሪን ተቆርጦለት ነበር። ንጉሡ በ1519 ሲሞት የኑረምበርግ ምክር ቤት ክፍያውን አቆመ። ዱረር በ1520 ተነሥቶ ወደ ኔዘርላንድስ ወረደ፤ አዲሱን ንጉሠ ነገሥት ካርል 5ኛን ደጅ ጠንቶ አበሉን አስቀጠለ። ልፈርድበት አልችልም፣ እኔም ሁለት ሺህ ብሬን ተቀብያለሁ። ግን ከጉዳዩ ውጭ ነበር አትበሉኝ። መስመሩ ያን ያህል ባያምር ኖሮ ያንን የዘር ሐረግ ማን ቁም ነገር ብሎ ያየው ነበር?

የፈረንጅ ታሪክ ነው ካላችሁ ወደ 1887 ዓ.ም. እንምጣ። ይህ ዓመት የተጻፈበት የምኒልክ ብር፣ ዘውድ የደፋ ፊታቸውን ይዞ፣ ፓሪስ ተቀረጸ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችንም እዚያው ታተሙ፤ ገሚሶቹ ላይ ያው ፊት አለ። በዚያው ዓመት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጦራቸው ወላይታ ነበር። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ። ስንት ሰው እንደረገፈ፣ ስንት ሰውና ከብት እንደተነዳ እዚህ አያቶቻችን ይነግሩናል። ከዘመቻው ጋር የሄደው ፈረንሳዊ ነጋዴ ቫንደርሃይም ያየውን መጽሐፍ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1896 አሳተመው፤ እሱም ፓሪስ! አንድ ከተማ ሁለቱንም አትማለች። መጽሐፉን ከእናንተ ስንቱ ያውቀዋል? ፊቱን ግን ብሩን የያዘ ሁሉ አየው። ምኒልክን ውደዱ ጥሉ እያልኩ አይደለም፣ ያ ሌላ ጠብ ነው። የትኛው ምስል ተባዛ፣ የትኛው መደርደሪያ ላይ ቀረ ነው ጥያቄዬ።

ባነራችንም እንደዚያው ነው። ላስቲኩ ይቀደዳል፤ ፋይሉ አይቀደድም። በማግስቱ በየቴሌግራሙና በየፌስቡኩ ዞሯል፣ ያቺ ሴትዮ የሌለችበት ሶዶ።

ለቀጣዩ በዓል ያው ማተሚያ ቤት ደውሎ ነበር። ሴትዮዋ ካልተመለሰች አልሠራም አልኩ። ሌላ ልጅ አገኙ፤ ባነሩ ሰኞ ዕለት ተሰቀለ። እሷ ከሥሩ ቁጭ ብላ አቮካዶዋን ትሸጣለች።