የአብራሪዎቹ ትዝታ ከምድር ሲታይ

በአፍሪካ ገጠር በትንንሽ አውሮፕላን ሲበሩ ኖረው ወደየአገራቸው የተመለሱ አብራሪዎች ሲገናኙ የሚያወጉት ወግ ከአገር አገር እምብዛም አይለያይም። ሣር የወረሰው ሜዳ፣ ልክ ሲያርፉ መሐል ገብታ የቆመች ላም፣ በደመና ስንጥቅ ሾልኮ መውረድ፣ ማታ ደግሞ ክለቡ ውስጥ በቢራ የታጀበ ጉራ። ወጉ ይጥማል፤ ብዙዎቹም የታደሉ ተራኪዎች ናቸው። ላሟን ከሜዳው ያስወጣው እረኛ ግን በወጉ ውስጥ ስም የለውም። ይህ የጨዋነት ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመጣጥፍ አይበቃም ነበር። የኔ ክርክር ከዚህ ይሰፋል። የገጠር በረራ ግማሽ ሥራው ምድር ላይ ያለ ሥራ ነው። እኛ ግን ታሪኩን ከአብራሪው ወንበር ብቻ ስለተቀበልን አውሮፕላኑ ለማን እንደመጣና ማንን ሳይደርስ እንደቀረ ሳንጠይቅ ኖርን። ይህን ለመመርመር ከዳባትና ከደባርቅ፣ ከስሜን ተራሮች ግርጌ፣ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ስለ ክለቡ መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። የበረራ ክለብ የሰፋሪ ሥርዓት ልጅ ነው። ናይሮቢ ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ኤሮ ክለብ የተቋቋመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1927 ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ፍሎረንስ ዊልሰን የተባሉ ባለሀብት ሴት ዊልሰን ኤርዌይስን መሠረቱ፤ ስማቸው ዛሬም በናይሮቢው ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ይጠራል። ለኬንያ ነጭ ባለርስት ትንሽ አውሮፕላን ከእርሻው ወደ ከተማ የሚወስደው የግል መጓጓዣ ነበር፤ ክለቡም የእኩዮቹ መገናኛ። እኛ አገር ነገሩ ሌላ ነው። በዚያው ሰሞን፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም.፣ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ያበረራት ፖቴዝ 25 አዲስ አበባ ስታርፍ ባለቤቷ መንግሥት ነበር። ከዚያ በኋላም አውሮፕላን ከቤተ መንግሥት፣ ከአየር ኃይል፣ ከአየር መንገድ ወይም ከሚስዮን እጅ ብዙም አልወጣም። ኢትዮጵያ ውስጥ የበረረ የውጭ ሰው ቅጥረኛ፣ አሠልጣኝ፣ በጎ ፈቃደኛ ወይም ወራሪ ነበር፤ ባለርስት አልነበረም። ስለዚህ የኛዎቹ የውጭ አብራሪዎች ትዝታ የክለብ ጨዋታ ያህል ቀላል አይደለም። ከኋላው ሁልጊዜ አንድ ሥራ፣ አንድ ጦርነት ወይም አንድ ረሃብ አለ።

የዳባት ትዝታ የሚጀምረው በጣሊያን ወረራ ነው። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው በጎንደር በኩል ወደ ሽሬ ሲገሰግሱ የጣሊያን አውሮፕላኖች ዳባት ላይ ደረሱባቸው። ጦሩ ከእንዲህ ያለ ጠላት ጋር የመዋጋት ልምድ አልነበረውም። የሚተኮስበት ሰው አይታይም፤ ጋሻ አይመክተውም፤ ዋሻ ካልተገኘ መሸሸጊያ የለም። ብዙ የጎጃም ሰው ከዚያ ወደ ቀዬው ተመለሰ። የቀረው የወልቅፊትን ገደል ወርዶ ተከዜን ተሻገረ፤ በታኅሣሥ ደግሞ ተከዜ ዳር መርዝ ተረጨበት። የዚያን ጊዜ ጣሊያናዊ አብራሪ በኋላ እቤቱ ሲያወጋ ስለ ስሜን ገደሎች ውበት አልተናገረም ብዬ አላምንም። ገደሉ ዛሬም ከላይ ሲያዩት ያምራል።

ስድስት ዓመት ቆይቶ ያው ሰማይ ባለቤት ቀየረ። ጣሊያኖች ወልቅፊት ላይ መሽገው፣ አርበኞች ዙሪያውን ከበው፣ የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ አውሮፕላኖች ምሽጉን ይደበድቡ ነበር። በመስከረም 1934 የምሽጉ አዛዥ ኮሎኔል ማሪዮ ጎኔላ እጁን ሰጠ። በወሩ፣ በጥቅምት፣ ጎንደር አካባቢ የጣሊያን የመጨረሻዋ ተዋጊ አውሮፕላን፣ ባለ ሁለት ደርብ ክንፏ ፊያት ሲአር 42፣ በደቡብ አፍሪካዊ አብራሪ ተመታ ወደቀች። መቺው ቆይቶ በጣሊያኖቹ ምሽግ ላይ ማስታወሻ ጣለ፤ ሟቹ አብራሪ ጀግና እንደነበር የሚመሰክር ማስታወሻ። ይህ ታሪክ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ የአየር ውጊያ በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ የታወቀ ነው፤ የመቺውም የሟቹም ስም ተመዝግቧል።

እኔ ይህን ማስታወሻ አላጣጥለውም። ጠላትን ማክበር ትልቅ ነገር ነው፤ አርበኞቻችንም ያውቁታል። ግን አክብሮቱ ወዴት እንደሚሄድ ልብ በሉ፤ ከአብራሪ ወደ አብራሪ ነው። ወልቅፊትን በእግሩ ከብቦ ወራት የሰነበተው ባላገር፣ እህሉን ለከባቢዎቹ በአህያ ያመላለሰው፣ በዚያ ወረቀት ላይ ቦታ የለውም። የበረራ ክለብ ሥነ ምግባር እንዲህ ነው። አባላቱ እርስ በርስ እስከ ሞት ይከባበራሉ፤ ከአባልነት ውጭ ያለው የመልክዓ ምድሩ አካል ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ የሚለየው ሰው ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ይመስለኛል፤ ልዩነቱ ግን ሙሉ አይደለም። በ1928 የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን እያበረረ ነበር። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቢሾፍቱ ላይ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ለአሥር ዓመት ያህል አሠለጠነ። በ1966ቱ ረሃብ ጊዜ እንደገና መጣ፤ በትንንሽ አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር የእህል ከረጢት አንጠልጥሎ፣ መኪና በማይደርስበት ተራራ ላይ ዝቅ ብሎ እየበረረ ይጥል ጀመር። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ሕይወቱ አለፈ። ይህን ሰው ማመስገን ተገቢ ነው። ያም ሆኖ ያንን ከረጢት ማን አነሣው? ሜዳውን ማን መረጠ? ልጆች ከሥሩ እንዳይቆሙ ማን ከለከለ? ይህን የሚነግረን መጽሐፍ እኔ አላነበብኩም።

በ1977ቱ ረሃብ ነገሩ በብዙ እጥፍ ሰፋ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩሊስ አውሮፕላኖች ከአንድ ዓመት በላይ እህል አመላለሱ፤ መሬት ወርደው ማራገፍ በማይችሉበት ደጋ ደግሞ ከ15 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከአየር ይጥሉ ነበር። እህሉ በድርብርብ ጆንያ ይታሸጋል፤ የውስጡ ቢፈነዳ የላይኛው እንዲይዘው። የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ቀድመው ሜዳውን ያያሉ። አብራሪዎቹ ያንን በረራ የሕይወታቸው ከባዱና ምርጡ ሥራ አድርገው ቢያስታውሱት አይፈረድባቸውም። እኛ ግን ከሜዳው ጫፍ ሆኖ ያየውን ሰው መጠየቅ ነበረብን። ድንጋዩን የለቀመው፣ ከብቱን ያራቀው፣ ከተቀደደው ጆንያ የፈሰሰውን ስንዴ ከአፈር የለየው፣ ከሁሉም በላይ ክፍፍሉን በሽምግልና የዳኘው እሱ ነው።

ወደ ስሜን ልመለስ፤ ምክንያቱም ተራራው ራሱ የሚያስረዳው ነገር አለ። ደባርቅ ከባሕር ወለል ወደ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በሩብ ያህል ይሳሳል። አየር የሚጨምቅ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን በዚያው መጠን ያጣል፤ ክንፉም በቂ አየር ስለማያገኝ ለመነሣት ሁለት እጥፍ ያህል መንደርደር ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ለሥልጠና የምትውለው ሴስና 172 ከ4,300 ሜትር በላይ መውጣት ይሳናታል፤ ራስ ዳሸን ደግሞ 4,550 ሜትር ነው። እንግዲህ አብራሪው ተራራውን በላይ አይሻገረውም፤ ይዞረዋል። ለመዞር የሸለቆውን ጠባይ ማወቅ አለበት። ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ይታያል፤ ፀሐይ ስትበረታ ከቆላው የተነሣ ደመና በገደሉ ላይ ወደ ላይ ይወጣና አካባቢውን ይሸፍናል። ይህን እያንዳንዱ የደባርቅ አስጎብኚና ባለበቅሎ ያውቀዋል። ሰማዩም የወፎች ጭምር ነው፤ መስከረም 5 ቀን 1981 ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገብቶበት ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ አልቀዋል። ጄት እንዲህ ከሆነ፣ በትንሽ አውሮፕላን ከስሜን ጭላዳና ጥንብ አንሣ በላይ የሚበር ሰው የአገሬውን ምክር ቢሰማ ይሻለዋል።

ታዲያ አውሮፕላኑ ለማን በረረ? የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ አብራሪዎቹ በአሜሪካው አየር መንገድ በቲደብሊውኤ በኩል የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነት የተረፉ ሲ 47 ናቸው፤ መቀመጫው በግራና በቀኝ የተዘረጋ አግዳሚ፣ መሐሉ ጭነት። እነዚህ አውሮፕላኖች ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የሣርና የጠጠር ሜዳዎች ላይ ሲያርፉ ኖሩ፤ ቡና አወጡ፣ ቆዳ አወጡ፣ ሹማምንት አመላለሱ። ዓለማየሁ አበበ በ1950 ግድም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። የውጭ አብራሪዎቹ የሚናፍቁት ዘመን ይህ ነው፤ መንገድ የሌለበት ዘመን።

እዚህ ላይ ነው ከናፋቂዎቹ ጋር የምለያየው። መንገድ ባለመኖሩ አውሮፕላን የግድ ሆነ ይላሉ። ስሜን ይህን አይመሰክርም። ደባርቅ ጣሊያን በሊማሊሞ ገደል ላይ የቀደደውን መንገድ ይዛ ቀረች፤ ጎንደር አዘዞ ላይ አውሮፕላን ማረፊያ ኖራት። ከእነሱ ማዶ ያሉት ጃናሞራ፣ በየዳና ጠለምት ግን መንገድም ማረፊያም ሳያገኙ ብዙ ዘመን አለፈ። የበረራው መስመር የተቀየሰው በጭነቱና በሹሙ ልክ ነበር፤ በሰው ችግር ልክ ቢሆን መጀመሪያ በየዳ ባረፈ። አውሮፕላን በተራራው ላይ የታየው በአብዛኛው ሲደበድብ ወይም ረሃብ ሲበረታ ነው። በመካከሉ ባለው ረጅም ጊዜ፣ ምጥ የጠናባትን ሴት ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ደባርቅ ያወጣ ነበር።

ጥያቄው ያለፈበት አይደለም። ሩዋንዳ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ደም በሰው አልባ አውሮፕላን ወደ ገጠር ሆስፒታሎች ትልካለች። የተራራ አገር ናት፤ እኛም ነን። የአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ ባለቤት የሆነች አገር ለስሜን ጓዳ ምን ዓይነት በረራ እንደሚያስፈልግ ለማሰብ፣ ያለፈው ለምን እንዳልደረሰ ማወቅ አለባት። ይህን እውቀት ደግሞ አብራሪዎቹ ብቻቸውን አልያዙትም። የተራራውን የሥራ ትዝታ በመጽሐፍ ያቆየ የውጭ ሰው ካለ የስሜን ፓርክ የመጀመሪያው ኃላፊ ክላይቭ ኒኮል ነው፤ በበቅሎና በእግር የሄደ ሰው ስለሆነም ጽሑፉ ውስጥ የጥበቃ ባልደረቦቹ ሰው ሆነው ይታያሉ።

ስለዚህ የደባርቅና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የታሪክ ክፍሎች ይህን ሥራ ቢይዙት እላለሁ። አዘዞ ላይ ጭነት ያወረዱትን፣ ነዳጅ ያንከባለሉትን፣ ሬዲዮ የያዙትን፣ ከሜዳ ከብት ያስወጡትን ፈልጉ። የአብራሪዎቹንም የበረራ መዝገብ ጠይቁ፤ ዕድሜ ከገፋ ሰው እጅ ሳይጠፋ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና አሳትሙ። የ1928ቱን የዳባት ድብደባ በዓይኑ ያየ ዛሬ የሚገኝ አይመስለኝም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ያዩ ግን አሁንም አሉ፤ ብዙዎቹም ሰባን አልፈዋል።