ስለ መኪና ማቀዝቀዣ፤ ጋዝ ከመሙላት በፊት የሚያፈስበትን መፈለግ ይበጃል

በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋ ከተሞች የምንኖር ነጋዴዎች፤ በተለምዶ ኤሲ የምንለውን የመኪና አየር ማቀዝቀዣ እንደ ቅንጦት መቁጠራችን የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የምናስገባውና የምንልከው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ የሚያልፍ እንደ መሆኑ መጠን፤ ንብረታችንን የሚያጓጉዘው ሾፌር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው አገር ተነሥቶ በአዋሽና በሚሌ በኩል እስከ ባሕር ጠረፍ ይወርዳል። በሰኔና በሐምሌ በጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። በዚያ ሐሩር ሲነዳ ውሎ የዛለ ሾፌር ለራሱም፤ ለመንገደኛውም፤ ለጭነቱም ያሰጋል። ስለዚህ ጉዳዩ የምቾት ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወትና የንብረት ጉዳይ ነው።

ይህ ጸሐፊ በሥራው ምክንያት የጋራዥ ሒሳብ ዘወትር ይመለከታል። ተደጋግሞ የሚታየውም «ጋዝ ተሞላ» የሚል ደረሰኝ ነው፤ ለአንድ መኪና በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የተከፈለበትም ይገኛል። ነገር ግን የማቀዝቀዣ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም። በኮምፕሬሰሩ እየተገፋ፤ ከካቢናው የወሰደውን ሙቀት ከፊት ባለው ኮንዴንሰር እያራገፈ፤ ተመልሶ የሚዞር ነው። በብዙ ዓመት ጥቂት መቀነሱ ያለ ሲሆን፤ በጥቂት ወራት ከጎደለ ግን የሚያፈስበት ስፍራ አለ ማለት ነው። ያ ሳይደፈን ደግሞ መሙላት፤ በሚያፈስ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ይቆጠራል። ከጋዙም ጋር ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ስለሚወጣ፤ በመጨረሻ ኮምፕሬሰሩ ራሱ ተፋጭቶ ይበላሻል። ምትኩም የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው።

«የሚያፈስበትን መፈለግ ጊዜ ይፈጃል፤ መኪናውም ይቆማል» የሚሉ አይጠፉም። እውነት ነው፤ ሆኖም አንድ ቀን በጋራዥ መቆም፤ በበረሃ መካከል ከመቆም ይሻላል።

ጥንቃቄውም ከባድ አይደለም። ደጋ ላይ ለወራት ሳይሠራ የቆየ ማቀዝቀዣ ጎሚኒው እየደረቀ ጋዝ ስለሚያመልጠው፤ ቢቻል በየሳምንቱ 10 ደቂቃ ያህል ማሠራት፤ የካቢናውን የአየር ፊልትሮ በጊዜው መለወጥ፤ ኮንዴንሰሩንም ከአቧራ ማጽዳት ይገባል።

አስመጪዎችና ባለሱቆችም ድርሻ አለን። አር 12 የተባለው ጋዝ የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳ ስለሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በተደረገው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እንዲቀር ሆኖ በመኪና ላይ አር 134ኤ ተተክቷል። ዛሬ ደግሞ አር 1234ዋይኤፍ የሚጠቀሙ መኪናዎች አሉ። እነዚህ እርስ በርስ አይቀላቀሉም፤ የጋዙ ዓይነትና ልክ በግራም ተጽፎ ከኮፈኑ ሥር ይገኛል። ከዚህም በላይ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፤ የኤሌክትሪክ መኪና በገበያችን ተበራክቷል። የዚህ ኮምፕሬሰር በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ስለሆነ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ዘይት ይፈልጋል፤ በብዙዎቹም ይኸው ማቀዝቀዣ ባትሪውን ጭምር ያበርዳል። እንግዲህ ዓይነቱን ሳይጠይቁ መሸጥ ደንበኛን መጉዳት ነው።

ስለዚህ አስመጪው ከጋዙ ሲሊንደር ጋር የማፍሰሻ መፈለጊያ መሣሪያና ጎሚኒ አብሮ ያምጣ፤ ባለሱቁ ሳይጠይቅ አይሽጥ፤ ባለመኪናውም የሚያፈስበት ስፍራ፤ የጋዙ ዓይነትና የተሞላው ግራም ያልተጻፈበትን ደረሰኝ አይቀበል። ይህን ብንፈጽም ገንዘባችን ከነፋስ ጋር አይበንም፤ ዕቃችንን የሚያመላልሰው ሾፌርም በደኅና ወጥቶ በደኅና ይገባል።