እግር የሚያጸናው ዝግታ

አትላንታ የሚገኘው የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው 70ና ከዚያ በላይ የሆኑ 200 አዛውንትን በሦስት ቡድን ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን በኮምፒውተር በሚሠራ መሣሪያ ላይ ቆሞ ሚዛን መጠበቅን ተለማመደ፤ ሁለተኛው ታይ ቺ የተባለውን ዝግ ያለ የቻይና ስፖርት ተማረ፤ ሦስተኛው ተሰብስቦ ትምህርትና ውይይት ብቻ ተከታተለ። ሥልጠናው 15 ሳምንት ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1996 ይፋ በሆነው ውጤት፣ ታይ ቺ የተማሩት ደጋግሞ የመውደቅ አደጋቸው በ47.5 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። መሣሪያው ላይ የሠለጠኑት ቆመው ሲለኩ ሰውነታቸው ጸንቷል፤ የመውደቅ አደጋቸው ግን ታይ ቺ የተማሩትን ያህል አልቀነሰም።

ታይ ቺ የተማሩት ሌላም ነገር አተረፉ። «እወድቃለሁ» የሚለው ፍርሃታቸው ቀለለ።

ይህን ነጥብ አቅልሎ ማለፍ አይገባም። አንድ ጊዜ ወድቀው የተነሡ አዛውንት ደጅ መውጣት ይቀንሳሉ፣ ደረጃ ይሸሻሉ፣ ውለው አድረው ከወንበራቸው አይነሡም። ቤተሰብም በፍቅር ያግዛቸዋል፦ «እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኛ አለንልዎት!» የያዙት ዕቃ ከእጃቸው ይወሰዳል፣ ውኃው ካሉበት ይመጣላቸዋል። አክብሮቱ የልብ ነው። እግር ግን ካልሠራ ይደክማል፤ እግሩ የደከመን ሰው ደግሞ የምንጣፍ ጫፍ ይጥለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ፤ ከእነዚህ ከ80 ከመቶ በላይ የሚሆኑት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

ታይ ቺ መነሻው ውጊያ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቻይና ውስጥ ሄናን ክፍለ ሀገር በምትገኘው የቼን መንደር እንደተጀመረ ይነገራል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያንግ ሉቻን ከዚያ ተምሮ ወደ ቤይጂንግ ወሰደው። የቻይና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1956 ሕዝቡ በቀላሉ እንዲማረው ወደ 24 እንቅስቃሴዎች አሳጠረው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2020 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ዝግ ያለ እንቅስቃሴ እንዴት ሰውን ከመውደቅ ያድናል? ምስጢሩ እዚያው ዝግታው ውስጥ ነው። ጉልበት ትንሽ እጥፍ ይላል፤ የሰውነት ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይተላለፋል። ፈጥኖ የሚራመድ ሰው በአንድ እግሩ የሚቆመው ለቅጽበት ነው፤ ታይ ቺ የሚሠራ ሰው ግን ያችን ቅጽበት ያስረዝማታል፤ ጭኑም ቁርጭምጭሚቱም በደንብ ይሠራሉ። በታይ ቺ ውስጥ ወደ ኋላ መራመድና ወገብን አዙሮ መቆምም አለ። አዛውንት እንዲህ ሲዞሩ ወይም ሲያፈገፍጉም ይወድቃሉ። ሐሳብም ከእግር ጋር ይሄዳል፤ ቀጣዩን እንቅስቃሴ ማስታወስ ግድ ነውና።

ጥቅሙ ሚዛን በመጠበቅ አያበቃም። ቦስተን ውስጥ የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው 204 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ፣ የ12 ሳምንት ታይ ቺ ሕመምን በማስታገስ ከፊዚዮቴራፒ ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል፤ ድብርትን በመቀነስ ደግሞ በልጧል። ቤይጂንግ ውስጥ የደም ግፊታቸው ከፍ ማለት በጀመረ 342 ሰዎች ላይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናት ደግሞ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የላይኛው ግፊት በታይ ቺ በ7 ነጥብ፣ በኤሮቢክስ በ4.6 ነጥብ ገደማ መውረዱን አሳይቷል። ይህ ማለት ግን የታዘዘን ክኒን ያስጥላል ማለት አይደለም። ታይ ቺ ካንሰር ይፈውሳል፣ መድኃኒት ያስተዋል የሚል አስተማሪ ካለ ከእሱ መራቅ ነው።

ጠዋት ጠዋት የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች በሯጮች ይሞላሉ። ደስ ይላል። ለ75 ዓመት ጡረተኛ ግን እዚያ የሚመች ቦታ የለም። የልጅ ልጅ ለማሳደግ ወደ አሜሪካ የሄዱ እናቶችና አባቶችም ክረምቱን ሙሉ ቤት ተዘግተው ይከርማሉ፤ በሚኖሩበት ከተማ ያለው የአረጋውያን ማዕከል ግን ታይ ቺ የሚያስተምር ሊሆን ይችላል። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መውደቅን ይከላከላሉ ብሎ ከዘረዘራቸው ፕሮግራሞች መካከል ታይ ቺ አለበት። ልጆቻቸው ጠይቀው ቢያስመዘግቧቸው መልካም ነው።

አገር ቤት ደግሞ እድሮች አሉ። አዛውንቱን በስም ያውቋቸዋል፤ ብዙዎቹ ድንኳንና መሰብሰቢያ ቦታ አላቸው፤ ታይ ቺን እዚያ ማስጀመር ይቻላል። በአሜሪካዋ ኦሪገን የተዘጋጀው የአዛውንት ታይ ቺ ስምንት እንቅስቃሴዎች ብቻ ያሉት ነው። 670 አዛውንት በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ24 ሳምንታት የሠሩት ሰውነት ማሳሳብ ብቻ ከሠሩት በ58 ከመቶ ያነሰ ወድቀዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ደልዳላ መሬት፣ የማያንሸራትት ጫማና ለሚደክመው ሰው መደገፊያ ወንበር ነው። የልብ ሕመም ወይም የማዞር ችግር ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። የእድር ዳኞች ሆይ፣ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋብዛችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩን አንሡት።