ለቦንጋ ጌም ቤት አየር ወይስ ፈሳሽ?

ቦንጋ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከተሞች አንዷ ናት። ዩኒቨርሲቲም አላት። ወጣት በሚበዛበት በዚህ ከተማ የኮምፒዩተር ጌም ቤት ልክፈት የሚል ባለሀብት ቢነሣ የሚያስገርም አይደለም። ይህ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ ዕቃ ሲመርጥ ግን አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ማሽኖቹ በአየር ይቀዝቅዙ ወይስ በፈሳሽ? ባለ ፈሳሹ ያብለጨልጫል፤ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላል። ለቦንጋ የሚያዋጣው ግን ባለ አየሩ ነው።

ፈሳሹ የፕሮሰሰሩን ሙቀት በቱቦ ወደ ራዲያተር ያደርሳል፤ ራዲያተሩ ደግሞ በማራገቢያ ወደ ክፍሉ ያስወጣዋል። በሁለቱም መንገድ የመጨረሻው ተረካቢ አየር ነው። በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው 15 በመቶ ያህል ስስ ቢሆንም፣ ጉዳቱ ሁለቱንም እኩል ይነካል፤ የወይና ደጋው ለስላሳ አየርም ያካክሰዋል። በዚያ ላይ በጌም ሰዓት አብዛኛውን ሙቀት የሚያመነጨው የግራፊክስ ካርዱ ሲሆን፣ ባለ ፈሳሹ ማቀዝቀዣ በአብዛኛው የሚያገለግለው ፕሮሰሰሩን ብቻ ነው።

የከፋ ቡና ነጋዴ ይህን ሒሳብ ያውቀዋል። የታጠበ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ ውኃና ፓምፕ ይጠይቃል፤ ጀንፈል ግን አልጋና ፀሐይ ይበቃዋል። ወደ እጥበቱ የሚገባው ገዢው ልዩነቱን ሲከፍል ነው። ጌም ተጫዋቹ ግን የሚከፍለው ለሰዓቱ እንጂ ለቱቦው አይደለም።

ትልቁ አደጋ ብልሽት ነው። የባለ አየሩ ማራገቢያ ቢቆም በአነስተኛ ዋጋ ይለወጣል። የባለ ፈሳሹ ፓምፕ ቢቆም ማሽኑ ወዲያው ይግላል፤ ፍጥነቱን ይቀንሳል ወይም ራሱን ያጠፋል። ዕቃው ታሽጎ የሚመጣ በመሆኑም ብዙውን ጊዜ ሙሉውን መለወጥ ግድ ይላል። ምትኩ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እስኪደርስ ወንበሩ ባዶውን ይውላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ በሆነበት ጊዜ ይህ ቀላል ኪሣራ አይደለም።

በእርግጥ እስከ 253 ዋት የሚስበውን ኮር አይ9-14900ኬን የመሰለ ፕሮሰሰር ይዞ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ድርጅት ፈሳሹ ተገቢ ነው። ለጌም ቤት ግን 120 ዋት የተመደበለት ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ እንኳ በጥሩ የአየር ማቀዝቀዣ ይሠራል።

አየርም ቢሆን እንክብካቤ ይሻል። ትልልቆቹ ማቀዝቀዣዎች ከአንድ ኪሎ በላይ ስለሚመዝኑ በጉዞ ላይ ማዘርቦርዱን እንዳይጎዱ ተፈትተው ተጭነው ቦንጋ ላይ ቢገጠሙ ይመረጣል። አቧራው በየጊዜው ይጠረግ፤ ክፍሉም መስኮት ይኑረው። ከፈሳሹ የሚተርፈው ገንዘብ ለዩፒኤስና ለመጠባበቂያ ማራገቢያ ቢውል ይሻላል። ከዚህ ውጪ ያለው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።