የበቆሎው ቤንዚንና የሞላሰሱ ቤንዚን

የቤንዚን ዋጋ በተጨመረ ቁጥር በምግብ አዳራሹና በመኝታ ቤታችን መተላለፊያ አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል። የታክሲው ሒሳብ ከፍ ማለቱን ያየው አንደኛው ወገን ጥፋቱን ሁሉ በዓለም የነዳጅ ኩባንያዎች ትርፍ ላይ ይጭናል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ፊንጫ ላይ አልኮል ማውጣት ስንችል ስለ ምን ለባዕድ ዶላር እንገብራለን? ብራዚልን አታዩም ወይ?» ይላል። ንግግሩ ደስ ይላል፤ ጭብጨባም አያጣም። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች የያዙት አሳብ በሌላ አገር ሰው ልክ የተሰፋ ኮት ነው፤ እኛ ስንለብሰው ትከሻው ይሰፋናል፣ እጅጌው ያጥረናል።

ይህን የምንለው አልኮሉን ለመንቀፍ አይደለም። አልኮሉ ይመረት ባዮች ነን። ወደ መኪና ከመግባቱ በፊት ግን ወደ ማድ ቤት ይግባ፤ ስለ ዋጋው ያለን ቁጣም ዋጋው ወደሚሠራበት ቦታ ይሂድ እንላለን። ከዚህ አሳብ እንዴት እንደ ደረስን ለማስረዳት ክርክሩ ከጦፈበት አገር ከአሜሪካ መጀመር ያስፈልጋል። (የውጭውን አገር ነገር ስናነሣ ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ያገራችን በራሳችን።)

በ2005 ካትሪና የተባለው ማዕበል በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ያለውን የነዳጅ ሥራ ከመታ በኋላ በአሜሪካ የአንድ ጋሎን ቤንዚን ዋጋ ከ3 ዶላር አለፈ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር የታላላቆቹ ኩባንያዎች አለቆች በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ፊት ቀርበው ስለ ትርፋቸው ተጠየቁ፤ ይማሉ ወይስ አይማሉ በሚለው ላይ እንደራሴዎቹ እርስ በርሳቸው ተከራክረው ሳያስምሏቸው ቀሩ። ኤክሰን ሞቢል ብቻውን በዚያ ዓመት 36 ቢሊዮን ዶላር ያህል አተረፈ። በ2008 ትርፉ 45 ቢሊዮን ደረሰ፤ በ2022 ደግሞ ከ55 ቢሊዮን በለጠ። በመካከሉ በ2020 ከ22 ቢሊዮን ዶላር በላይ መክሰሩን የኩባንያው ጠበቆች ሳይነግሩን አያልፉምና እኛው ቀድመን እንጥቀሰው። እንዲህ ባለው ትርፍ ላይ በ1980 ወጥቶ የነበረው ልዩ ግብር በ1988 ተሽሯል፤ በ2022 እንግሊዝና የአውሮፓ ኅብረት ተመሳሳይ ግብር ሲጥሉ አሜሪካኖች በንግግር ብቻ አለፉት።

ግብሩ ሲቀር ገበሬውንም ባለመኪናውንም ያስደስታል የተባለው የበቆሎ አልኮል መጣ። ኤታኖል የሚሉት ሌላ ነገር አይደለም፤ በካቲካላ ውስጥ ያለው አልኮል ነው፤ ውኃው ተለይቶለት ከቤንዚን ጋር ይቀላቀላል። በ2005 አንድ ሕግ፣ በ2007 ሁለተኛ ሕግ ወጥቶ እስከ 2022 ድረስ በዓመት 36 ቢሊዮን ጋሎን ከዕፅዋት የተገኘ ነዳጅ ሥራ ላይ እንዲውል ታዘዘ፤ ከዚህም 15 ቢሊዮኑ ከበቆሎ ሊሆን ይችላል ተባለ። ከገለባና ከእንጨት ይወጣል የተባለው ብዙው ክፍል አልወጣም ማለት ይቻላል። ዛሬ ከአሜሪካ የበቆሎ ምርት ከመቶ 40 እጅ ግድም የሚሄደው ወደ አልኮል ፋብሪካ ነው። ከዚያም ሲሶ ያህሉ አተላ ሆኖ ለከብት መኖ እንደሚመለስ መካድ አይገባም።

የነዳጅ ኩባንያዎችን ጉልበት ይሰብራል ተብሎ የተሞገሰው ይህ አልኮል በማን እጅ ገባ? ቬራሰን የተባለው ታላቅ የአልኮል ኩባንያ በ2008 ሲከስር፣ ከፋብሪካዎቹ ሰባቱን በ2009 የገዛው ቫሌሮ ነው። ቫሌሮ ነዳጅ አጣሪ ኩባንያ ነው! አልኮል አምራቹ በሕግ የተጠበቀ ገበያ አገኘ፤ ቀጂው ግን በ2022 ሰኔ ላይ በጋሎን ከ5 ዶላር በላይ ከፍሏል።

ሒሳቡን በኛ ሚዛን እንየው። ከአንድ ኩንታል በቆሎ የሚወጣው አልኮል 42 ሊትር ያህል ነው። የአልኮል ጉልበት ከቤንዚን ጉልበት ሁለት ሦስተኛው ስለ ሆነ፣ 42ቱ ሊትር የ28 ሊትር ቤንዚን ሥራ ቢሠራ ነው፤ ይህ የአንዲት ትንሽ አውቶሞቢል ታንክ እንኳ አይሞላም። ያው ኩንታል ግን ሌላ ምግብ ባይጨመርበት አንድ ሰው ከአምስት ወር በላይ ያቆያል። በቆሎ አቃጥሎ መኪና መንዳት ለኢትዮጵያም ይበጃል የሚል ጓደኛ ካለን፣ አሳቡን መጀመሪያ ለእናቱ ይንገራትና መልሷን ያምጣልን።

ብራዚል በበቆሎ ሳይሆን በሸንኮራ አገዳ ነው የጀመረችው። በ1975 በወታደሮች ይገዛ የነበረው መንግሥቷ ነገሩን በዐዋጅ አቋቋመው፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪናዎች አብዛኞቹ በአልኮል ብቻ የሚሄዱ ሆኑ። ነገር ግን አሥር ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የስኳር ዋጋ ተነሣና ባለ ፋብሪካዎቹ አገዳውን ወደ ስኳር አዞሩት፤ ባለመኪናው በደረቀ ማደያ ፊት ተሰለፈ። ሕዝቡ ዳግመኛ ያመነው በሁለቱም የሚሠራ ሞተር በ2003 ከመጣ በኋላ ነው። ከ2025 ጀምሮ በብራዚል ቤንዚን ውስጥ ከመቶ 30 እጅ አልኮል ይገባል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ብራዚልን የሚጠቅሱልን ጓደኞቻችን ያን ወረፋ ሲጠቅሱ ግን ሰምተን አናውቅም። ስኳር በሸማቾች ማኅበር ተሰልፎ በሚገዛባት አገር ያደግን ልጆች ልንዘነጋው አይገባንም ነበር።

ወደ ራሳችን ዋጋ እንመለስ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር፣ በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ወጣ። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ በሐምሌ 2014 በዓለም ገበያ የአንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ከ100 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2017 አጋማሽ ግን ወደ 80 ዶላር ግድም ወርዶ ነበር። እንግዲህ ድፍድፉ እየረከሰ የኛ ቤንዚን ከእጥፍ በላይ ከተወደደ፣ ይህን ጭማሪ ያመጣው የኤክሰን ትርፍ ሊሆን አይችልም። ያመጡት ዋናዎቹ ነገሮች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የድጎማው መነሣት ነው፤ ሁለተኛው በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ መለቀቁ ነው። ከዚያ በፊት 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ጥቂት ወራት ሳይሞላው ከ100 ብር አለፈ። ሊትሩ የሚገዛው በዶላር ነው፤ የሚሸጠው በብር ነው። ነገሩ ይኸው ነው።

ድጎማው እንደ ቀድሞው ይመለስ አንልም። ብዙ የሚቀዳ ብዙ ይደጎም ስለ ነበረ ከባለ ባጃጁ ይልቅ ባለ ትልቁን መኪና ይጠቅም ነበር። ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ በቴሌብር በኩል የተመደበው ድጎማ በአሳቡ የተሻለ ነው። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ዋጋው በሚታወጅበት ጊዜ ሁሉ ከሊትሩ ስንቱ የመግዣ፣ ስንቱ የወደብና የማጓጓዣ፣ ስንቱ የግብር፣ ስንቱ የማደያው እንደ ሆነ ተዘርዝሮ አብሮ ይውጣ። በክፍለ ሀገር ከተሞች ማደያው ደርቆ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር ሲቸበቸብ፣ ልዩነቱ ወደ ማን ኪስ እንደሚገባም የሚጠየቁት ሰዎች እዚሁ ያሉ ናቸው እንጂ ቴክሳስ የተቀመጡ አይደሉም።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። አልኮሉ የሚቀላቀለው ከቤንዚን ጋር ነው፤ ከናፍጣ ጋር አይስማማም። ጤፉን ከጎጃም የሚያመጣው አይሱዙ፣ ከጅቡቲ ዕቃ የሚጎትተው ተሳቢ፣ አንበሳ አውቶቡስ፣ ትራክተሩም የሚሄዱት በናፍጣ ነው። አገሪቱ ከምታስገባው ነዳጅም ብዙው እጅ ናፍጣ ነው። ስለዚህ አልኮሉ የቱን ያህል ቢመረት የጤፉን የማመላለሻ ዋጋ አይነካውም።

ታዲያ ፊንጫስ? የፊንጫ አልኮል ከአሜሪካው የሚለየው ከሞላሰስ በመሥራቱ ነው። ሞላሰስ ስኳሩ ከተለየ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ዝቃጭ ነው፤ ከብት አድላቢው ቢፈልገውም ከማንም መሶብ አይነጠቅም። ስለዚህ አሜሪካኖች በበቆሏቸው ላይ የሚሰነዝሩትን ወቀሳ እንዳለ ገልብጦ በፊንጫ ላይ ማንበብ ስንፍና ነው። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ ከመቶ 5 እጅ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 እጅ አልኮል መቀላቀል ተጀምሮ ነበር። የአልኮሉ አቅርቦት እያነሰ ድብልቁ ሳይቋረጥ ሊዘልቅ አልቻለም፤ አገዳ ከሌለ ሞላሰስ የለምና።

እዚህ ላይ ነው ምርጫው። ፊንጫ በዓመት 20 ሚሊዮን ሊትር፣ መተሐራ 12 ሚሊዮን ተኩል ሊትር ያወጣሉ ተብለው ነው የተቋቋሙት። ሁለቱም በሙሉ ዐቅማቸው ቢሠሩ፣ አልኮሉ በመኪና ውስጥ ከ22 ሚሊዮን ሊትር ያነሰ ቤንዚን ይተካል። ያው አልኮል በአልኮል ምድጃ ቢነድ፣ አንድ ቤተ ሰብ በቀን አንድ ሊትር ይፈጃል ብንል፣ ወደ 90 ሺህ ለሚጠጋ ቤተ ሰብ ዓመቱን ሙሉ ይበቃል። ይህ ሕልም አይደለም፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ በጅጅጋ አቅራቢያ በቀብሪበያህ የስደተኞች ሠፈር ሴቶች እንጨት ፍለጋ በረሐ ከመውጣት ድነው በአልኮል ምድጃ ሲያበስሉ ታይቷል። እንጀራ አይጋገርበትም፤ ለወጥና ለቡና ግን ይበቃል፤ ጭሱም ዓይን አይልጥም። ላምባ የሚቀዳውም ቤተ ሰብ የሚያቃጥለው በዶላር የተገዛ ነገር ነውና የውጭ ምንዛሪው ክርክር በማድ ቤትም ይሠራል።

በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሯል። የከለከልነውን መኪና በዝቃጫችን አልኮል ልንመግብ መጨነቃችን ለምንድን ነው? እናቶቻችን የሚያቃጥሉት ከሰል ግን አሁንም ከጫካው እየተቆረጠ ነው።

የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን የአንድ ሊትር አልኮል፣ የአንድ ሊትር ላምባና የአንድ ማዳበሪያ ከሰል ሒሳብ በማብሰያው ጊዜና በዛሬው ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጠው ይጻፉልን። ብራዚል ብራዚል የሚለው ወገንም መልስ ካለው ያምጣ። ለሁለቱም በሚቀጥለው እትም ገጽ ይጠበቅላቸዋል።