ቆጣሪና ሰዓት

በታች ጋይንቷ አርብ ገበያ በኤሌትሪክ ምጣድ የምትጋግር እመቤት፣ በቀትር ብትጋግር በምሽት ሒሳቧ አንድ ነው። የቤት ቆጣሪያችን ስንት እንደ ፈጀን እንጂ መቼ እንደ ፈጀን አይቈጥርም። ዳሩ ግን 3.5 ኪሎ ዋት ያህል የሚስብ ምጣድ፣ ሰው ሁሉ መብራት በሚያበራበት ምሽት ሲጣድ መሥመሩን ያስጨንቀዋል።

እንግሊዞች ይህን መሰሉን ችግር የሌሊቱን ዋጋ በማርከስ አቃለሉት፤ ማሞቂያቸው ሌሊት ጡብ አግሎ ቀን ሙቀቱን ይሰጣል። ነገር ግን የብዙ ቆጣሪዎችን ሰዓት ይመራ የነበረው የራዲዮ ምልክት ከሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየተራ ይዘጋ ጀመር፤ ቆጣሪው ያልተለወጠለትም ሰው ማሞቂያው ያለ ሰዓቱ እንዳይግል ወይም ቀዝቅዞ እንዳይቀር ሠጋ።

እኛም የሰዓት ዋጋ ብናወጣ፣ አስቀድሞ ሊወሰን የሚገባው ይህ ነው፤ የቆጣሪው ሰዓት ሲዛነፍ ዕዳው የማን ነው? ይህ ካልተወሰነ ከፋይዋ ያችው ጋጋሪዋ ናት።